ሳይታዘዝ የሚንቀሳቀስ አክሲስ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እጠየቃለሁ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚደውል አለ፣ ከደሴ የሚጽፍ አለ፣ ወልዲያ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ይዞ የሚታገልም አለ። አነጋገሩ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። «ማሽኑ ቆሞ ነበር፣ ማንም አልነካውም፣ አክሲሱ ግን በራሱ ሄደ።» ወዲያው የሚከተለው ደግሞ «ድራይቩን ልቀይር ወይስ ኢንኮደሩን?» ነው። አክሲስ የምለው በሞተር የሚንቀሳቀሰውን የማሽኑን ክፍል ነው፤ ድራይቩ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ፣ ኢንኮደሩ ደግሞ ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚቆጥረው ነው።

ሁለቱንም አትቀይሩ፣ ገና ነው። መጀመሪያ መልስ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አክሲሱ የሄደው ታዝዞ ነው ወይስ ሳይታዘዝ? ይህን ሳትለዩ ዕቃ ከቀየራችሁ፣ ስንት ጊዜ ጠብቃችሁ ያስመጣችሁት ድራይቭ ተገጥሞ አክሲሱ እንደገና ይሄዳል። ከለያችሁ ግን ከምትፈትሹት ነገር አብዛኛው ከመንገዳችሁ ይወጣል።

መመሪያው በዋናነት በሰርቮ (የደረሰበትን ቦታ እያነበበ በሚታረም ሞተር) ለሚሠሩ ማሽኖች ነው፤ ሲኤንሲ፣ ማሸጊያ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን፣ ላሜራ መቁረጫና ማጠፊያ። ስቴፐር (በፐልስ እየታዘዘ በእርምጃ የሚዞር ሞተር) ያላችሁም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድራይቩና የኮንትሮለሩ (ለድራይቩ ትዕዛዝ የሚሰጠው) ማኑዋል። የራሳችሁ ሞዴል መሆን አለበት። የፋልት ኮድ (ድራይቩ ሲበላሽ የሚያሳየው የስህተት ቁጥር) ትርጉም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ «የሱ ዓይነት ነው» የተባለው አይበቃም።
- ላፕቶፕ፣ የድራይቩ ሶፍትዌርና ትክክለኛው ኬብል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ትሬስ ወይም ስኮፕ የሚባል መቅረጫ አለ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።
- ካት 3፣ 600 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት መልቲሜትር። ለቤት መብራት የሚገዛው ርካሹ ለዚህ ፓነል አይሆንም።
- ለዋናው ማብሪያ የሚሆን ቁልፍና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ታግ።
- ክብደት መደገፊያ፦ የብረት ዘንግ፣ ጠንካራ እንጨት ወይም ክሪክ።
- ዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከነማግኔት መቆሚያው። ከሌለ ማርከርና ካሊፐር።
- ካቻቪቴ፣ አለን ቁልፍ፣ ቶርክ ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኮንታክት ክሊነር።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ቅደም ተከተል ግን የሚያዘው ደብተር ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፤ ይህን ሳታነቡ ፓነል አትክፈቱ

በራሱ አንዴ የሄደ አክሲስ እንደገና ይሄዳል። ስለዚህ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም እጁን፣ ጭንቅላቱን፣ ልብሱንም ቢሆን አክሲሱ በሚደርስበት ቦታ አያስገባ። «ለአንድ ሰከንድ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ኢመርጀንሲ መጫን ኃይል ቆረጠ ማለት አይደለም። ብዙ አዳዲስ ድራይቮች ኤስቲኦ የሚባል የደህንነት ተግባር አላቸው፤ ሞተሩ ጉልበት እንዳያወጣ ያደርጋል። ቮልቴጁ ግን ድራይቩ ውስጥ እንዳለ ነው። ቁመታዊ አክሲስንም አይዝም፣ ጭራሽ ጉልበቱን ስለሚወስድበት ብሬክ ከሌለው ይወርዳል።

ዋናው ማብሪያ ከተዘጋ በኋላም ድራይቩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ የሚሠራ ድራይቭ ውስጥ የዲሲ ባሱ (የውስጡ የዲሲ ኃይል መስመር) ወደ 537 ቮልት ነው፣ ይህ ደግሞ ሰው ይገድላል። ድራይቩ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ አክብሩ፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላም ለኩ። ከ50 ቮልት በታች ካልሆነ አትንኩ። የቻርጅ መብራቱ ጠፋ ማለት ቻርጁ አለቀ ማለት አይደለም፤ መብራቱ ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሰው አርቁ፣ ክብደቱን ደግፉ

ማሽኑን አቁሙና ዙሪያውን አጽዱ። ቁመታዊ አክሲስ ካለ ብሬኩን ሳታምኑ ከሥሩ ደግፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ብሬኩ ራሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ኃይል ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡና ጻፉ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አጥፍቶ ማብራት ነው። ሲበራ ችግሩ ለጊዜው ይጠፋል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። የፋልት ታሪክ ብዙ ድራይቮች ላይ ይቀመጣል፣ የትሬስ ቅጂና በዚያ ሰዓት የነበሩት ቁጥሮች ግን ሲጠፋ ይሄዳሉ።

ማሽኑ ከቆመና ሰው ከራቀ እነዚህን መዝግቡ፦ የፋልት ኮዱንና ሰዓቱን፣ የታዘዘውን ቦታ፣ ትክክለኛውን ቦታ፣ ፎሎዊንግ ኤረሩን (በታዘዘውና በደረሰበት ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው)፣ ድራይቩ ኢኔብል (ሞተሩን እንዲያንቀሳቅስ የተፈቀደለት) መሆን አለመሆኑን፣ የትኛው ሞድ ላይ እንደነበር። የፓራሜትር ባክአፕም አሁኑኑ ውሰዱ። በኋላ ስትነካኩ መመለሻ የሚሆናችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ኦፕሬተሩን በደንብ ጠይቁ

«ምን ነካህ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ «ምንም» ነው፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሰውየው የሚፈራው ጥፋቱ በሱ እንዳይላከክ ነው። ኦፕሬተሯ ሴት ብትሆንም እንደዚያው። «ስትሠሩ ምን አያችሁ? ከመሄዱ በፊት ድምፅ ነበረው? መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁ። ማሽኑ አጠገብ 8 ሰዓት የሚውለው ሰው የሚያውቀው ነገር ትሬስ ላይ አይገኝም።

የምትፈልጉት አክሲሱ መቼ እንደሄደ ነው፦

- ድራይቩ ኢኔብል ሲደረግ ወዲያው ዘሎ ከሆነ፣ የፌዝ፣ የኢንኮደር አቅጣጫ ወይም የድሮ የቦታ ትዕዛዝ ጉዳይ ነው።
- ቆሞ ሳለ ቀስ እያለ ከተንሸራተተ፣ አናሎግ ኦፍሴት (ትዕዛዙ ዜሮ መሆን ሲገባው የሚቀር ትንሽ ቮልቴጅ) ወይም ብሬክ ነው።
- ኢመርጀንሲ ሲጫን ከወረደ፣ የብሬክ ሰዓት ነው።
- መብራት ሲመለስ ከሄደ፣ ፕሮግራም ወይም የጠፋ ሆሚንግ (አክሲሱ መነሻ ዜሮውን የሚያገኝበት ሥራ) ነው።
- አልፎ አልፎ፣ በተለይ ሌላ ትልቅ ሞተር ሲነሳ ወይም አጠገቡ ብየዳ ሲሠራ ከሆነ፣ ኖይዝ (ከሌላ መሣሪያ የሚገባ የኤሌክትሪክ ረብሻ) ወይም ኧርዝ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ ነው። የሚያረጋግጠው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 4፦ ትዕዛዙንና ፊድባኩን ጎን ለጎን ቅረጹ

የሥራው ልብ ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ትሬሱ ላይ አራት ነገር አስገቡ፦ የታዘዘ ቦታ፣ ትክክለኛ ቦታ (ፊድባክ የምንለው እሱ ነው)፣ ፍጥነት፣ ቶርክ ማለትም የሞተሩ የማዞር ጉልበት (ወይም ከረንት)። ቀረጻው ፎሎዊንግ ኤረሩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ እንዲጀምር አስተካክሉና ከዚያ በፊት የነበረውንም ጥቂት ጊዜ እንዲይዝ አድርጉ። አለበለዚያ የምታገኙት ውጤቱን ብቻ ነው፣ መነሻውን አታዩም።

ከዚሁ ጋር ዳያል ኢንዲኬተሩን አክሲሱ ላይ ትከሉ። ኢንኮደሩ ሊዋሽ ይችላል፤ ዳያሉ ግን የሚያሳየው ብረቱ የት እንዳለ ነው። የቶርክ ገደቡን ዝቅ አድርጉ፣ ፍጥነቱንም እንዲሁ። ሰው ይራቅ። ከዚያ ችግሩ እስኪመጣ ጠብቁ።

ከአራቱ አንዱን ታያላችሁ።

ሀ. ትዕዛዙ ሄደ፣ ፊድባኩም ተከተለው። ድራይቩና ሞተሩ ጤነኛ ናቸው፣ የተባሉትን አደረጉ። ጥፋቱ ከላይ ነው፤ ፕሮግራም፣ ስክሪን፣ ኮንትሮለር። ወደ ደረጃ 5።

ለ. ትዕዛዙ ቆሟል፣ ፊድባኩ ሄደ፣ ዳያሉም ሄደ። ወይ ድራይቩ ገፍቶታል ወይ ከውጭ የሆነ ነገር ገፍቶታል። የሚለየው ቶርኩ ነው። ቶርኩ መጀመሪያ ተነስቶ እንቅስቃሴው በዚያው አቅጣጫ ከተከተለ የገፋው ሞተሩ ነው፤ ወደ ደረጃ 6። እንቅስቃሴው መጀመሪያ መጥቶ ቶርኩ በተቃራኒው እየታገለ ከሆነ ግን ሞተሩ ለመያዝ እየጣረ ነው፤ የገፋው ክብደት፣ ሌላ አክሲስ ወይም የአየር ሲሊንደር ነው። ቶርክ ከሌለ ድራይቩ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 8።

ሐ. ፊድባኩ ላይ ስለታም ዝላይ ታየ፣ ከዚያ ወደ ትዕዛዙ ተመለሰ። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ኢንኮደሩ ሳይዞር የዞረ መስሎ ከቆጠረ፣ ድራይቩ «ስህተቱን» ለማረም ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞራል። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ቁጥር ትክክል ይሆናል፣ ማሽኑ ግን ቦታው ላይ የለም። ከባድ ብረት በአንድ ሚሊሰከንድ ሊዘል አይችልም፤ ቁጥሩ እንደዚያ ከዘለለ እንቅስቃሴ አይደለም፣ የውሸት ምልክት ነው። ወደ ደረጃ 7።

መ. ትዕዛዙም ፊድባኩም አልተነቃነቁም፣ ዳያሉ ግን ሄደ። ሞተሩና ብረቱ ተላቀዋል። ሞተሩ ላይ ያለው ኢንኮደር ከዚያ ወዲያ ያለውን አያይም። ኃይል ቆልፋችሁ ካፕሊንጉን፣ የቀበቶውን ፑሊ፣ የኳስ ስክሩን መያዣ ነትና ኩሽኔታውን ፈትሹ። ዘንጉና ካፕሊንጉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩና አሠርታችሁ ተመለሱ። መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራቷል። በማኑዋሉ ቶርክ እሰሩት፤ ዘይት ከነካው መጀመሪያ አጽዱት፣ አለዚያ ተመልሶ ይንሸራተታል።

ደረጃ 5፦ ትዕዛዙ ከየት መጣ?

አንደኛው ተጠርጣሪ የስክሪን ጆግ ቁልፍ (አክሲሱን በእጅ ለማንቀሳቀስ የሚጫኑት) ነው። ስክሪኑ ሲጫኑት 1፣ ሲለቁት 0 ይጽፋል። በመሃል ግንኙነቱ ከተቋረጠ 0ው ሳይደርስ ይቀርና ፒኤልሲው (ማሽኑን በፕሮግራም የሚመራው ኮምፒውተር) ውስጥ ቢቱ 1 እንደሆነ ይቆያል። አክሲሱም መሄዱን ይቀጥላል። መፍትሔው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ጆጉን በራሱ የሚያጠፋ ቼክ ፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያም የሚሻለው እጅ ሲለቀው የሚቆም እውነተኛ የኢኔብል ቁልፍ መግጠም ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ኦውትፑት ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ቦታ ሲጻፍ ነው። ፒኤልሲ ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ የኋለኛው ያሸንፋል። አንዱን ስትፈትሹ ትክክል ይመስላችኋል። ክሮስ ሬፈረንሱን ክፈቱና የት የት እንደተጻፈ ቁጠሩ።

ሦስተኛው፣ ድራይቩ ጠፍቶ ሳለ አክሲሱን ሰው በእጅ ገፍቶት ከሆነ ነው። ኮንትሮለሩ የድሮውን ቦታ እንደ ትዕዛዝ ይዞ ይጠብቃል። ኢኔብል ሲደረግ ልዩነቱን በአንድ ጊዜ ለመሸፈን ይዘላል። ድራይቩ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ የታዘዘው ቦታ ትክክለኛውን ቦታ እንዲከተል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኮንትሮለሮች ለዚህ የተዘጋጀ ፓራሜትር አላቸው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚነሳ ማሽን ካላችሁ ደግሞ የስታርት ትዕዛዙ ሜሞሪ ውስጥ ተይዞ ይቀራል ማለት ነው። አይኢሲ 60204-1 የተባለው የማሽን ኤሌክትሪክ ስታንዳርድ፣ አደጋ ሊያመጣ በሚችልበት ቦታ ኃይል ሲመለስ ማሽን በራሱ እንዳይነሳ ይጠይቃል። ስታርቱ በአዲስ ጭነት ብቻ እንዲሠራ አድርጉት፤ ቁልፉ ተጣብቆ ቢቀር እንኳ እንዳያስነሳ።

ሲኤንሲ ላይ ከሆናችሁ ኮንትሮለሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ጂ 90 (ቦታን ከዜሮ የሚያስቆጥር) እና ጂ 91ን (ካለበት ቦታ የሚያስቆጥር) እዩ። ያለፈው ፕሮግራም ጂ 91 ላይ ትቶት ከሄደ፣ «ዜሮ ላይ ሂድ» የሚለው ትዕዛዝ «ካለህበት ዜሮ ያህል ሂድ» ይሆናል፣ «100» ደግሞ ካለበት 100 ሚሊሜትር ይገፋል። የጂ 54 ኦፍሴትንም (የሥራውን ዜሮ የሚይዘውን) አረጋግጡ።

የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ላይ አንዱ አክሲስ ሌላውን በኤሌክትሮኒክ ጊር የሚከተል ከሆነ የማስተሩን (የሚመራውን አክሲስ) ኢንኮደርም ቅረጹ። ማስተሩ ከተንቀጠቀጠ ተከታዩ ታዛዥ ስለሆነ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ትዕዛዝ ሳይኖር ሞተሩ ከገፋ

*ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ።* ድራይቩ ትዕዛዝ የሚቀበለው በአናሎግ ±10 ቮልት ከሆነ መጀመሪያ ኦፍሴቱን ጠርጥሩ። 10 ቮልት 3,000 ዙር በደቂቃ ከሆነ፣ 10 ሚሊቮልት ብቻ 3 ዙር በደቂቃ ያዞራል። ፒቹ 10 ሚሊሜትር የሆነ ስክሩ ላይ ይህ በደቂቃ 30 ሚሊሜትር ነው። ሰው ከምሳ ሲመለስ አክሲሱ ሌላ ቦታ ነው። ለመለየት ኃይል ቆርጣችሁ የትዕዛዝ ሽቦዎቹን ከድራይቩ ንቀሉ፣ የድራይቩን ሁለት መግቢያዎች አገናኙ (ዜሮ ቮልት ማለት ነው)፣ መልሳችሁ አብሩ። አሁንም ከሄደ ኦፍሴቱ የድራይቩ ነው፣ በፓራሜትር አስተካክሉት። ከቆመ የኮንትሮለሩ ወይም የኬብሉ ነው። ድራይቩ ሲሞቅ ኦፍሴቱ ትንሽ ስለሚለወጥ ማስተካከያውን ከሞቀ በኋላ አድርጉት።

*ኢኔብል ሲደረግ በሙሉ ኃይል የሚፈተለክ ከሆነ።* ይህ በብዛት የሚመጣው ሞተር ወይም ኬብል ከተቀየረ በኋላ ነው። ኢንኮደሩ በተቃራኒ እየቆጠረ ነው ወይም ሦስቱ የሞተር ሽቦዎች (ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው) ተቀያይረዋል። ድራይቩ ሲያርም ስህተቱ ይብሳል፣ ሲብስ የበለጠ ያርማል፣ እስከ ጥግ ይሄዳል። ሞተሩን ከማሽኑ ፈትታችሁ በጠንካራ ነገር እሰሩት፣ የቶርክ ገደቡን ወደ 10 በመቶ አውርዱ፣ ከዚያ ብቻ ሞክሩ። ሰርቮ ሞተር ላይ ሁለት ፌዝ ማቀያየር አቅጣጫ አይቀይርም፤ ሞተሩን ያናውጠዋል ወይም እንዲፈተለክ ያደርገዋል። አቅጣጫ የሚቀየረው በፓራሜትር ነው። ሞተሩ ተከፍቶ ተጠግኖ ከነበረ ደግሞ የኢንኮደሩ አቀማመጥ ከማግኔቱ ጋር ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ይስተካከላል።

*የሚርገበገብ ወይም እያቃሰተ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ።* ጌኑ (ድራይቩ ስህተትን የሚያርምበት ጥንካሬ) በዝቷል ወይም ሜካኒኩ ላልቷል። መጀመሪያ ሜካኒኩን አጥብቁ። የላላ ማሽን ላይ ጌን መቀነስ በሽታውን መደበቅ ነው።

ደረጃ 7፦ ኢንኮደርና ኖይዝ

አንድ የማልተወው ፈተና አለ። ኃይሉን አጥፍታችሁ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉና የኮንትሮል ኃይሉን ብቻ አብሩ፤ ሞተሩ ኢኔብል አይሁን። በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። 2,500 ፐልስ ያለው ኢንኮደር ብዙ ድራይቮች ላይ በአራት ተባዝቶ 10,000 መቁጠር አለበት። ከዚያ ወደ ምልክቱ መልሱት። ቁጥሩ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ፐልስ እየጠፋ ወይም እየተጨመረ ነው። አሥር ዙር ወዲያ፣ አሥር ዙር ወዲህ አድርጉት፤ ትንሽ ጥፋት በብዛት ይጎላል።

በእጅ ትክክል ሆኖ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከተሳሳተ ኖይዝ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

- ኮኔክተሩ። የላላ፣ የዛገ፣ ዘይት የጠጣ? ኮምቦልቻ የጨርቅ ብናኝ አለ፣ የብረት ወርክሾፕ ውስጥ ፍቅፋቂ አለ፣ ደሴ ላይ በክረምት ጭጋግና እርጥበት አለ። ሁሉም ኮኔክተር ውስጥ ይገባሉ።
- ባለ 5 ቮልት ኢንኮደር ከሆነ ቮልቴጁን ኢንኮደሩ ጋ ለኩ፣ ድራይቩ ጋ ሳይሆን። ረጅም ኬብል ላይ ይወርዳል። አብዛኞቹ ከ4.75 እስከ 5.25 ይፈልጋሉ።
- የኬብሉ ሽልድ (ኖይዝ የሚከላከለው የብረት ሽፋን)። ተጠምዝዞ በቀጭን ሽቦ የተያያዘ ሽልድ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብዙም አይጠቅምም፤ ዙሪያውን በሙሉ በብረት ክላምፕ መያዝ አለበት።
- ርቀት። የኢንኮደር ኬብል ከሞተር ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር አራርቁ። አንዱ በሌላው ላይ ማለፍ ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይተላለፉ።
- በሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ኬብል ከሆነ ሽቦው ውስጥ ተሰብሮ ይሆናል። አክሲሱን ቀስ እያላችሁ ስታንቀሳቅሱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ እሱ ነው።

ስቴፐር ላላችሁ፦ ፊድባክ ስለሌለ ከፐልስ ሽቦው ላይ የገባ ኖይዝ በቀጥታ እርምጃ ይሆናል። ዳያሉ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

አብሶሉት ኢንኮደር (ኃይል ሲጠፋም ቦታውን የሚይዝ) ከሆነና ማሽኑ ከረጅም የመብራት መቋረጥ በኋላ ቦታውን ከረሳ፣ ባትሪውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ 3.6 ቮልት ሊቲየም ነው። ብዙ አምራቾች የኮንትሮል ኃይሉ በርቶ ሳለ እንዲቀየር ይመክራሉ፣ አጥፍታችሁ ካወጣችሁት የዙር ቁጥሩ ይጠፋል። ማኑዋላችሁ ምን እንደሚል አንብቡና አድርጉ። ከጠፋ ሆሚንግ ሳይሠራ አውቶ ላይ እንዳትጀምሩ፤ ሆም ስዊቹም ንጹሕ ይሁን፣ ፍቅፋቂ የተከመረበት ስዊች የተሳሳተ ዜሮ ይሰጣል።

ደረጃ 8፦ ድራይቩ ሲጠፋ የሚወርድ አክሲስ

ሞተር ላይ ያለው ብሬክ ለመያዝ እንጂ ለማቆም አይደለም። በየቀኑ በኢመርጀንሲ እየሮጠ ከቆመ ይበላል።

ብሬኩ 24 ቮልት ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲቋረጥ ይይዛል። ለመያዝ ግን ጊዜ ይወስዳል። አክሲሱ ምንም ሰበቃ ሳይኖረው በነፃ ቢወድቅ በ50 ሚሊሰከንድ 12 ሚሊሜትር፣ በ100 ሚሊሰከንድ ወደ 5 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በእውነተኛ ማሽን ከዚህ ያንሳል፣ ግን ጣት ለመቁረጥ ትንሹም ይበቃል። ስለዚህ በመደበኛ ማቆም ጊዜ ድራይቩ ብሬኩ እስኪይዝ ድረስ ኢኔብል ሆኖ መቆየት አለበት። ይህን የሚወስነው ፓራሜትር ከብሬኩ መረጃ ጋር ይመሳከር።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ክብደቱ ተደግፎ ሳለ ብሬኩ ላይ ያለውን 24 ቮልት ለኩ፤ ሲጠፋ በእርግጥ ዜሮ ይሆናል? የሪሌው ኮንታክት ተጣብቆ ከሆነ ብሬኩ መቼም አይይዝም። ከዚያ የብሬኩ ሽቦ ላይ ያለውን መከላከያ እዩ። በቫሪስተር ፋንታ ተራ ዳዮድ የገባበት ካለ ከረንቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ብሬኩ ዘግይቶ ይይዛል። «ሪሌ ከተጠገነ ወዲህ ነው መውረድ የጀመረው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ድራይቩ በራሱ እየጠፋ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሚጠፋ ፈልጉ። እኛ አካባቢ አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው። ብዙ ድራይቮች ሙሉ ከረንታቸው የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ አምራቾች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ይጠይቃሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ነው። ደሴ ላይ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይሞቅም ማለት አይቻልም፣ አየሩ ስለሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ፋኑና ፊልተሩ በብናኝ ሲደፈኑ ይብሳል።

ደረጃ 9፦ ወደ ሥራ መመለስ

ሰው ርቆ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትና ቶርክ፣ ዳያሉ እንደተተከለ ጀምሩ። ችግሩን ያመጣ የነበረውን ሁኔታ ሆን ብላችሁ ፍጠሩ፦ ትልቁን ሞተር አስነሱ፣ ኃይል ቆርጣችሁ መልሱ፣ ኢመርጀንሲ ተጫኑ። ካልሄደ ገደቦቹን ወደ ቦታቸው መልሱ። የፎሎዊንግ ኤረር ገደቡን ግን በጣም አታስፉት። አክሲሱ ሲበላሽ የሚያቆምላችሁ እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስህተቶች

- *የፋልት ገደቡን አስፍቶ «ተስተካከለ» ማለት።* ማሽኑ ዝም አለ እንጂ አልዳነም።
- *በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር መቀየር።* ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ።
- *የሌላ ማሽን ፓራሜትር መገልበጥ።* ሞተሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የጊር ምጣኔው፣ የኢንኮደር ዜሮውና የብሬክ ሰዓቱ ይለያያሉ።
- *በር ስዊች ወይም ሊሚት ስዊች ጃምፐር አድርጎ (በሽቦ አገናኝቶ አልፎ) መርሳት።* ለፈተና እንኳ ቢሆን አታድርጉት። በራሱ የሚሄድ አክሲስ ላይ የቀረው መከላከያ እሱ ሊሆን ይችላል።
- *ማሽኑ አካል ላይ ሲበየድ የብየዳውን ኧርዝ ሩቅ ማሰር።* ከረንቱ በኩሽኔታውና በኢንኮደር ሽልዱ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ኧርዙን ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ፣ ድራይቩንና ኢንኮደሩንም ከመበየዱ በፊት ንቀሉ።
- *ጄኔሬተር ሲገባ አክሲሱ ተገልብጦ ሄደ ብሎ የመግቢያ ፌዞቹን ማቀያየር።* ድራይቩ የሚገባውን ኃይል መጀመሪያ ወደ ዲሲ ስለሚለውጠው የመግቢያው ፌዝ ቅደም ተከተል የሰርቮውን አቅጣጫ አይነካም። የሚገለበጡት ያለ ድራይቭ በኮንታክተር ብቻ የሚሠሩት ናቸው፤ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ የኩላንት ፓምፕ፣ ኮንቬየር። ጄኔሬተር ከገባ በኋላ ነገሩ ከተለወጠ እነሱን አስቀድማችሁ እዩ፤ ቀጥሎ የፌዝ ቅደም ተከተል መቆጣጠሪያ ሪሌ ፓነሉ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከሌለ አስገቡ።